ማምለጫ የሌለባቸው ሰባት ገጾች

ከመካከላችን አስፈሪ ኮሚክስ የሚያነብ ሰው ቢኖር፥ ማንበቡን እንደ ክፉ አመል ይደብቀዋል። ስለ ዶስቶየቭስኪ ሲጠየቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚመልሰው ተማሪ፥ ሬሳ ከመቃብር ሲነሣ የሚያሳየውን ሥዕል በስልኩ ላይ ከፍቶ ሲመለከት ጓደኛው በትከሻው በኩል ያየበት እንደ ሆነ፥ ቶሎ ብሎ ያጠፋና «ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል ነው» ይላል። የጊዜ ማሳለፊያማ ብዙ አለ። ይህኛውን ለምን መረጠው? ደግሞስ የታሪኩን መጨረሻ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ እያወቀው፥ ሰውየው እንደማያመልጥ እያወቀ፥ ለምን እስከ መጨረሻው ያነበዋል?

እኔ ይህ ዐይነቱ ንባብ አያሳፍርም ባይ ነኝ። ነገር ግን የነዚህ ታሪኮች ወዳጆች አዘውትረው በሚያቀርቡት መከላከያ አልስማማም። እነርሱ «ክፉ አድራጊ ሁሉ በመጨረሻ ስለሚቀጣ ታሪኮቹ ግብረ ገብ ያስተምራሉ» ይላሉ። በውኑ ግብረ ገብ ለመማር ብሎ በሌሊት ሬሳ ሲመለከት የሚያድር ማን ነው? ታሪኮቹ የሚስቡን በዓለም ላይ የማናገኘውን አንድ ነገር ስለሚሰጡን ነው፤ ይኸውም የተዘጋ ሒሳብ ነው። ስጦታው ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጭነቱም አደጋ አለው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው።

ስለ የትኞቹ ታሪኮች እንደምናገር አስቀድሜ ልግለጽ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ማክስ ጌይንስ የተባለው አሜሪካዊ አሳታሚ በ1947 በጀልባ አደጋ ሲሞት፥ «ኤዱኬሽናል ኮሚክስ» ይባል የነበረውን ድርጅቱን ልጁ ዊልያም ጌይንስ ወረሰ። አባቲቱ ድርጅት የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በሥዕል ታሳትም ነበር፤ ልጁም ቢሆን ሐሳቡ የኬሚስትሪ አስተማሪ ለመሆን እንጂ ኮሚክስ ለማሳተም አልነበረም። ይሁን እንጂ ከአዘጋጁ ከአል ፌልድስታይን ጋራ ሆኖ በ1950 ሦስት አስፈሪ መጽሔቶች ማውጣት ጀመረ፤ ከሦስቱም በዝና የገነነው «ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት» የተባለው ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ከመቃብር ቤት የወጡ ተረቶች» ብንለው ይቀርባል። ድርጅቱ «ኢ. ሲ.» የሚለውን አኅጽሮት ሳይለውጥ «ኤዱኬሽናል» የሚለውን ቃል ብቻ በ«ኢንተርቴይኒንግ» ተካው። ሁለቱ ፊደሎች በቦታቸው ሳሉ ትምህርት ወጥቶ ጨዋታ ገባ ማለት ነው።

አንዱ መጽሔት የሚሸጠው በ10 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አራት ታሪኮች ይይዝ ነበር፤ እያንዳንዱም ታሪክ ከ6 እስከ 8 ገጽ ነው። በዚህች ጠባብ ስፍራ ውስጥ አንድ ሰው ይመኛል፥ ይበድላል፥ ያመለጠ ይመስለዋል፥ ከዚያም ይያዛል። የሚያዘውም በሌላ ወጥመድ ሳይሆን ራሱ በሠራው ነው። በ1955 መጀመሪያ በወጣው በመጨረሻው የ«ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት» ቁጥር ላይ «ብላይንድ አሊስ» የተባለ ታሪክ አለ። የዐይነ ስውራን መጠለያ የሚያስተዳድር ሰው ተጧሪዎቹን በብርድና በረኀብ እያሠቃየ እርሱ ከውሻው ጋራ ተመችቶት ይኖራል። ዐይነ ስውራኑ በመጨረሻ ይይዙትና ውሻውን ለብቻ አስርበው፥ ግድግዳው በምላጭ የተሞላ ጠባብ መተላለፊያ ሠርተው ያስገቡታል። ውሻው ከኋላው ይለቀቃል። መብራቱም ይጠፋል። ጨለማን ለማያውቃቸው ሰዎች ጨለማ ተሰጠው፤ ረኀብን ለማያውቅላቸው ሰዎች የተራበ ውሻ ተለቀቀበት። በሚዛን እንደ ተለካ ቅመም፥ የበደለው መጠን ተመልሶ ይሰፈርለታል።

በየታሪኩ መግቢያና መውጫም እንደ ባለቤት ሆኖ የሚያስተናግደን አንድ አስቀያሚ ተራኪ አለ፤ አንዱ የመቃብር ቤቱ ጠባቂ ነው፥ ሌላዋ አሮጊት ጠንቋይ ናት። እነዚህ ተራኪዎች በሬሳው ላይ ይቀልዳሉ። ቀልዳቸው ብዙ ጊዜ ቀሽም ነው። ይሁን እንጂ ሥራ አለው፤ «አንተ ከእኔ ጋራ በዚህ በኩል ነህ፥ የሚጠፋው እርሱ ነው» እያለ አንባቢውን በደኅናው ወገን ያስቀምጠዋል። ይህን መቀመጫ በኋላ ስለምመለስበት አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ።

ስለ አሠራራቸው ከሚነገረው ሁሉ አንዱ ነገር ይገርመኛል። ጌይንስ ክብደቱን ለመቀነስ የሚወስደው መድኃኒት እንቅልፍ ስለሚነሣው፥ ሌሊቱን ያገኘውን ሁሉ ሲያነብ ያድርና ጠዋት ለታሪክ መነሻ የሚሆን ቁራጭ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ከፌልድስታይን ጋራ ተከራክረው አንዱን ከመረጡ በኋላ፥ ፌልድስታይን ታሪኩን ሥዕሉ በሚሣልበት ወፍራም ወረቀት ላይ በቀጥታ ይጽፈዋል። ቀጥሎም ጽሑፉ በመሐንዲሶች ፕላን ላይ ፊደል ለመጻፍ በሚያገለግለው «ሊሮይ» በተባለው መሣሪያ በቀለም ይሰፍራል። ሠዓሊው ወረቀቱን የሚረከበው ገና ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በባዶው አራት ማዕዘን ውስጥ ሰውየው ገና የለም፤ ዐይን የለውም፥ አፍንጫ የለውም፤ የመጨረሻ ጩኸቱ ግን በላዩ ላይ በቀለም ተጽፎ ይጠብቀዋል። እኛ «የተጻፈለት ነው» ስንል በምሳሌ ነው። እነዚያ ሰዎች ግን በርግጥ ፊት ሳይኖራቸው ጥፋታቸው ተጽፎላቸዋል። ሠዓሊው፥ ግራሃም ኢንግልስ ይሁን ጃክ ዴቪስ፥ ሊያደርግ የሚችለው በተጻፈው ዕጣ ላይ ሥጋ ማልበስ ብቻ ነበር። ፊደሎቹም የሰው እጅ የማይታይባቸው፥ ደረቅና እኩል በመሆናቸው፥ የፍርድ ቤት ውሳኔ እንጂ ተረት አይመስሉም። አንዳንድ ሰው ይህን አጻጻፍ ይጠላዋል፤ ለእኔ ግን ግማሹ አስፈሪነት ከርሱ የመጣ ነው።

በነገራችን ላይ በዚያ ቤት የሰው ንብረት ወስዶ ማምለጥም አይቻልም ነበር። በ1952 ከሬይ ብራድበሪ ድርሰቶች ወስደው ሳያስፈቅዱ አሳተሙ፤ ደራሲውም የቁጣ ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ «የድርሰቴን ዋጋ መላክ ረስታችኋልና ብታስቡበት» የሚል ጨዋ ማስታወሻ ላከላቸው። ከፈሉት። ከዚያ በኋላም በፈቃዱ ድርሰቶቹን በሥዕል እያወጡለት ቆዩ።

የሚስበን ደሙ ነው የሚሉ አሉ። እነርሱን ለመመለስ ብዙ ቦታ አላባክንም። ኢ. ሲ. ገበያ ሲያገኝ ብዙ አሳታሚዎች ፈለጉን ተከትለው ደም በደም የሆኑ መጽሔቶች አወጡ፤ የሚያስታውሳቸው ግን ሰብሳቢ ብቻ ነው። የሣላቸውን ጃክ ዴቪስን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን በ1953 የወጣውን «ፋውል ፕሌይ»ን፥ ነፍሰ ገዳዩን የቤዝቦል ተጫዋች ቆራርጠው ጭንቅላቱን ኳስ፥ እግሩን ዱላ፥ አንጀቱን የሜዳ መስመር ያደረጉበትን ታሪክ፥ ከታላላቆቹ አልቆጥረውም። አንድ ጊዜ ያስጮኻል፤ ሁለተኛ ጊዜ ያስቃል፤ ሦስተኛ ጊዜ አይነበብም።

ደጋግሞ የሚነበበው ሌላ ነው። በ1952 የወጣውንና ኢንግልስ የሣለውን «ፖየቲክ ጀስቲስ»ን እንመልከት። ልጆችንና ውሾችን የሚወድ ድኻ ሽማግሌ አለ፤ ሀብታም ጎረቤቶቹ ከሰፈሩ ሊያስወጡት ፈልገው ያለውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ያሳጡታል። በመጨረሻም ለቫለንታይን ቀን፥ ማለት ሰዎች የፍቅር ካርድ በሚላላኩበት ቀን፥ በግጥም የተጻፈ ስድብ ይልኩለታል። ሽማግሌው በገዛ እጁ ይሞታል። ዓመቱ ሲመለስ ከመቃብር ይነሣና ግጥሙን በግጥም ይመልሳል፤ ከግጥሙ ጋራ የላከው ልብ ግን ከወረቀት የተቆረጠ አይደለም። ይህ ታሪክ በ1972 በእንግሊዝ አገር በተሠራው ፊልም ውስጥ ሲገባ ሽማግሌውን ሆኖ የተጫወተው ፒተር ኩሺንግ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስደስተን የቱ ነው? የልቡ መቀደድ አይደለም። የሚያስደስተን የሽማግሌው በደል በአንድ ስፍራ ተመዝግቦ መገኘቱ ነው። በኛ ዓለም ሽማግሌው ይሞታል፥ ቤቱ ይፈርሳል፥ ጎረቤቶቹም በቦታው አጥር ያጥራሉ፤ ጉዳዩን ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ቢኖር «ፋይሉ አልተገኘም» ይባላል። ያ ከመቃብር የተነሣው ሽማግሌ እኮ የጠፋው ፋይል ነው! ማንም ያላየው የመሰለው፥ ማንም ያልጻፈው የመሰለው ነገር ሁሉ ተጽፎ ኖሯል። ከመስኮት ወደ መስኮት «ነገ ተመለስ» እየተባለ የተመላለሰ ሰው፥ ቀጠሮው አንዲት ቀን የማያልፍ ሬሳ ሲያይ ቢደሰት አይፈረድበትም።

ስለዚህ ነው ማምለጫ አለመኖሩ የማያስጨንቀን፤ እንዲያውም የሚያሳርፈን። ሰውየው በሩን ሲሞክር፥ መኪናውን ሲያስነሣ፥ ወደ ሌላ አገር ሲሸሽ እኛ «አይሆንልህም» እንላለን። ተረት ደጋግሞ የሚሰማ ሕፃን ጅቡ መቼ እንደሚመጣ እያወቀ ብርድ ልብሱን እንደሚጨብጠው ነው። ማወቁ ደስታውን አይቀንስበትም፤ ደስታው ራሱ ማወቁ ነው።

አሁን ወደ አንድ የሚያስቅ ነገር ልለፍ። በኤፕሪል 21 ቀን 1954 ጌይንስ በኒውዮርክ ከተማ የወጣቶችን ጥፋት ከሚመረምረው የአሜሪካ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ሴናተር ኢስቴስ ኬፎቨር መጥረቢያና የተቆረጠ የሴት ራስ የያዘ ሰው የተሣለበትን የመጽሔት ሽፋን አንሥተው ይህ ለዛ ያለው ነገር ነውን? ብለው ጠየቁት። ጌይንስም ለአስፈሪ መጽሔት ሽፋን ለዛ አለው፤ ለዛ የሚያጣው ራሱ ከፍ ብሎ ተይዞ ደሙ ሲንጠባጠብ ቢታይ ነበር ብሎ መለሰ። ሰው በገዛ አፉ ሲጠፋ ማየት የፈለገ ይህን ምርመራ ያንብብ፤ በራሱ መጽሔት ውስጥ ቢወጣ ሰባት ገጽ ይበቃው ነበር። በሴፕቴምበር አስፈሪ መጽሔቶቹን ማቆሙን አስታወቀ፤ በኦክቶበርም አሳታሚዎቹ ተሰብስበው «ኮሚክስ ኮድ» የተባለውን የራሳቸውን ደንብ አወጡ፤ ደንቡም እየላላ እየላላ ሄዶ በ2011 ፈጽሞ እስኪቀር ድረስ ኖረ።

የሚያስቀው ደንቡ ነው። በማናቸውም ታሪክ መልካም ነገር ክፉውን ድል እንዲያደርግ፥ ጥፋተኛም ስለ ጥፋቱ እንዲቀጣ ያዝዛል። ይህማ ኢ. ሲ. ከሁሉ ይልቅ ሲያደርገው የኖረው አልነበረምን? ጥፋተኛ በመቅጣት ረገድ ከጌይንስ ቤት የሚወዳደር ዳኛ በአሜሪካ አገር አልነበረም። እንግዲያስ የተከለከለው ምንድን ነው? ደንቡን ወደ ታች ያነበበ ሰው ያገኘዋል፤ ከመቃብር ተነሥቶ የሚሄድ ሙት ተከልክሏል፤ ፖሊስን፥ ዳኛንና የመንግሥት ባለሥልጣንን ሰው እንዲንቃቸው አድርጎ ማሳየት ደግሞ ተከልክሏል። ሁለቱን ክልከላ ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ነው። ቅጣት ይኑር፥ ነገር ግን ከፖሊስ ጣቢያ ይምጣ እንጂ ከመቃብር አይምጣ ማለታቸው ነው። ሙቱ ሥራ የሚያገኘው ሕያዋኑ ዳኞች ሥራቸውን ሲተዉ ብቻ እንደ ሆነ የደንቡ ጸሐፊዎች ሳይገባቸው አልቀረም።

በዚህ ክርክር ውስጥ ዶክተር ፍሬድሪክ ዌርትሃምን እንደ ቂል መሳደብ የተለመደ ነው፤ እኔ አልተባበርም። በ1954 ባሳተመው መጽሐፉ ኮሚክስ ልጆችን ያበላሻል ብሎ ጽፏል፤ በ2012 ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የግል ወረቀቶቹን መርምራ የልጆቹን ቃል እንደሚመቸው ለዋውጦና ቀጣጥሎ እንዳቀረበው አሳይታለች። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው በ1946 በሃርለም ለጥቁር አሜሪካውያን የአእምሮ ሕክምና ቤት የከፈተ፥ በትምህርት ቤት የዘር መለያየትም ልጆችን እንደሚጎዳ በፍርድ ቤት የመሰከረ ነው። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ አንድ ታሪክ ሺህ ጊዜ ሲነገር በአንባቢው ላይ ምን ይሠራል? ሲል መጠየቁ። መልሱን ግን የፈለገው በደሙ ውስጥ ነው። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው።

የምፈራው ይህ ነው። የጠፋ ሁሉ ኀጢአተኛ በሆነበት ዓለም ውስጥ ብዙ የከረመ ሰው፥ ከዚያ ሲወጣ ነገሩን ገልብጦ ማንበብ ይጀምራል። «የበደለ ይጠፋል» የሚለው «የጠፋ በድሎ ነው» ወደሚለው ይዞራል። ይህ ደግሞ ከአሜሪካ ኮሚክስ መማር የሚያስፈልገን ነገር አይደለም፤ ከቤታችን አለልን። የሰው ቤት ሲቃጠል፥ ልጁ ሲታመም፥ ተማሪ ሲባረር፥ ውኃ ይዞ ከሚሮጠው ሰው ቀድሞ «ምን አጥፍቶ ይሆን?» የሚለው ይደርሳል። የኢዮብ ወዳጆች በዐመድ ላይ ከተቀመጠው ሰው ፊት ያቀረቡት ክስ ይኸው ነበር፤ እግዚአብሔር እንደ ተቈጣቸው መጽሐፉ ይናገራል እንጂ እንዳመሰገናቸው አይናገርም። «ሥራው ነው» የምትለው አጭር ቃል ለተናጋሪው ሁለት ጥቅም ትሰጠዋለች፤ መርዳት አያስፈልገውም፥ መፍራትም አያስፈልገውም። እርሱ እኮ ምንም አላጠፋም!

ከላይ ልብ በሉልኝ ያልሁት የደኅና ወገን መቀመጫ ይህ ነው። ለዚህም ነው ከኢ. ሲ. ታሪኮች ሁሉ ይህን መቀመጫ ከሥራችን የሚስቡትን አብልጬ የምወዳቸው። ጥቂት ናቸው፥ ግን አሉ። በ1954 የወጣው «ዚ ኦርፈን» አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ አባቷን ገድላ ጥፋቱን በእናቷ ላይ አድርጋ በሰላም ስትኖር ያሳያል፤ ሴናተሮቹን እጅግ ያስቈጣቸው አንዱ ይህ ነበር። ቅጣት የለም። ሒሳቡ አልተዘጋም። ሌላው በ1951 የወጣው፥ ፌልድስታይን ራሱ የሣለው «ሪፍሌክሽን ኦፍ ዴዝ» ነው። ታሪኩ የሚተረከው «አንተ» እየተባለ ነው፤ ሥዕሎቹም በአንተ ዐይን የሚታየውን ያሳያሉ። በሌሊት ከወዳጅህ ጋራ በመኪና ስትሄድ የሌላ መኪና መብራት ከፊትህ ይመጣል። ከአደጋው ተነሥተህ ርዳታ ስትጠይቅ ያየህ ሁሉ እየጮኸ ይሸሻል። መስተዋት ፊት ስትቆም ምክንያቱን ታያለህ። ደንግጠህ ትነቃለህ፤ ሕልም ነበር፤ በመኪናው ውስጥ ነህ፥ ወዳጅህም አጠገብህ አለ። ከዚያ ያ መብራት ከፊትህ ይመጣል።

እዚህ ላይ «ምን አጥፍቶ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልስ አያገኝም። አንዳች አላጠፋም። መንገድ ላይ ነበር፤ ይኸው ነው። ይህ ጥፋት ሒሳብ አይዘጋም፤ ግብረ ገብም አያስተምርም። ሆኖም ከሌሎቹ ይልቅ ሰውን ለሰው ያቀርበዋል፤ አንዴ እንኳ በዚያ ሰውዬ ዐይን ከመኪናው ውስጥ የተመለከተ አንባቢ፥ በመንገድ ዳር የወደቀውን ሲያይ «ሥራው ነው» ለማለት ምላሱ ይከብደዋል።

ከሁሉ በላይ የማደርገው ግን በ1955 «ኢምፓክት» በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ የወጣውን «ማስተር ሬስ»ን ነው። በርግጥ ይህ ሙት የሚነሣበት ታሪክ አይደለም፤ ኢ. ሲ. አስፈሪዎቹን ካቆመ በኋላ የወጣ ነው። ሠዓሊው በርናርድ ክሪግስታይን በጽሑፍ የተሞላው ወረቀት ሲሰጠው ታሪኩ ለዚህ ቦታ የሚበዛ መሆኑን አይቶ 12 ገጽ ይሰጠኝ አለ፤ የተፈቀደለት 8 ብቻ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን በመቀስ ቆራርጦ እንደ ገና ለጠፈውና አንዱን ሥዕል ብዙ አደረገው። ዕጣው በቀለም ተጽፎ ከተሰጣቸው ሠዓሊዎች መካከል መቀስ ያነሣው እርሱ ነው።

ካርል ራይስማን የተባለ ሰው ወደ ኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ይወርዳል። ፊቱ የተሠቃየ ሰው ፊት ነው። ተራኪው «አንተ» እያለ ያለፈውን ያስታውሰዋል፤ የናዚን ዘመን፥ የማጎሪያ ካምፑን፥ የሰዎቹን ማለቅ። አንባቢው ያዝንለታል፤ ከሞት የተረፈ ምስኪን አይሁዳዊ ይመስለዋል። አንድ ጥቁር የለበሰ ሰው ወደ ባቡሩ ገብቶ ከፊቱ ይቀመጣል፤ ራይስማን ዐውቆት ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ነገሩ ይገለጣል፤ ራይስማን የካምፑ እስረኛ አልነበረም፥ አዛዡ ነበር። ያኛው እስረኛው ነው፤ አንድ ቀን አገኝሃለሁ ብሎ የማለበት። ራይስማን ከባቡሩ ወርዶ በባዶው ጣቢያ ይሮጣል፥ ይንሸራተታል፥ በሚመጣው ባቡር ፊት ይወድቃል። ክሪግስታይን የባቡሩን ማለፍ በጠባብ ጠባብ ሥዕሎች ቆራርጦ ስላሳየው፥ መስኮቶቹ ሲያልፉ ዐይን ይቆጥራቸዋል። ሰዎች ሲሰበሰቡ ጥቁር የለበሰው ሰው ይጠየቃል። ይህን ሰው ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም ይላል።

ዋሽቶ ይሆናል የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ ግን ቃሉን አምነዋለሁ፤ ታሪኩን ታላቅ የሚያደርገውም ቃሉ እውነት የሆነ እንደ ሆነ ነው። ከመቃብር የተነሣ የለም። የሚያሳድድም አልነበረም። ቂሙን ይዞ ባሕር የተሻገረው ሰው አልመጣም፤ ምናልባትም በካምፑ ሞቷል። ራይስማንን የገደለው የገዛ ትዝታው ነው። እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ትዝታ የማያስጨንቀውስ?

እርሱማ በሰላም ይኖራል። አይክማን በ1960 ከአርጀንቲና ተይዞ በኢየሩሳሌም ተፈረደበት፤ ነገር ግን በአውሽቪትስ በሰው ልጆች ላይ የሠራው የታወቀው ሐኪም ዮሴፍ ሜንገሌ በ1979 በብራዚል የባሕር ዳር ሲዋኝ ሞቶ በሌላ ሰው ስም ተቀበረ። ማንም አልያዘውም።

ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር ለኛ አያስፈልገንም። «ማስተር ሬስ» በወጣበት በዚያው በ1955 ዓመት፥ በጃንዋሪ ወር፥ ሮዶልፎ ግራዚያኒ በሮም ከተማ ሞተ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ግቢ ስለ ተጀመረው ጭፍጨፋ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መተረክ አይገባኝም። በኢትዮጵያ ላይ ስላደረገው ነገር ግን አንድም ፍርድ ቤት አላቆመውም። በ1950 የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት የፈረደበት ከጀርመኖች ጋራ ስለ ተባበረ ነበር፤ ከዚያውም የታሰረው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። በ2012 ደግሞ አፊሌ በተባለችው የኢጣልያ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ባቡር አልመጣም። ከየካቲት ሙታንም አንዱ እንኳ ተነሥቶ ሮም አልሄደም።

ታዲያ ሰባቱ ገጾች ውሸት ናቸው ማለት ነውን? ውሸት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አያሳርፉንም ነበር። መደረግ የሚገባውንና ያልተደረገውን በትክክል ስለሚያሳዩን ነው የሚያሳርፉን። እዚህ ላይ ግን አንባቢ ከአንባቢ ይለያል። አንዱ መጽሔቱን ዘግቶ «ክፉ ሁሉ ዋጋውን ያገኛል» ብሎ ይተኛል፤ ሙታኑ ስለርሱ ፈንታ ሥራውን ሠርተውለታል። ሌላው መጽሔቱን ዘግቶ፥ በወረቀት ላይ የተዘጋው ሒሳብ በመዝገብ ላይ ክፍት እንደ ሆነ ትዝ ይለዋል፤ ፋይሉ የት እንዳለም ይጠይቃል። እኔ ለሁለተኛው ዐይነት አንባቢ ነው የምጽፈው፤ የመጀመሪያው ግን በቍጥር እንደሚበልጥ አልክድም፤ ጌይንስንም በ10 ሳንቲም በ10 ሳንቲም ያበለጸገው እርሱ ነው።

ታሪኮቹ ዛሬ በዳጎሱ መጻሕፍት ተሰብስበው እንደ ገና ታትመዋል፤ በእንግሊዝኛ ማንበብ ለሚችል ሰው ማግኘቱ አይቸግርም። መጀመር የሚፈልግ በ«ፖየቲክ ጀስቲስ» ይጀምርና ደስ ይበለው። «ማስተር ሬስ»ን ግን በዚያው ሌሊት አያንብበው፤ ለማግስቱ ያቆየው። ደሙን ይዘው የሚከራከሩኝ ካሉ፥ ወይም ጥቁር የለበሰው ሰው ዋሽቷል የሚል ካለ፥ ለሚመጣው ቁጥር መልሱን ጽፎ ለአዘጋጆቹ ይስጥ።